የርካሽ ሞተር ዘንግና ፍሪሲዮን እንዲገጥሙ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ምን ትለካላችሁ?

የኮምፓክተር (የአፈር መጠቅጠቂያ ማሽን) ሞተር ሲደክም መንገዱ የታወቀ ነው። ነባሩ ሆንዳ ይወርዳል፤ በምትኩ የቻይና ሞተር ይገዛል። የዋጋ ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ውሳኔው ያስኬዳል። 168ኤፍ የሚባሉት የቻይና ሞተሮች የሆንዳ ጂኤክስ160ን ልክ ተከትለው የተሠሩ ናቸው። የእግራቸው አራት ቀዳዳዎች 162 በ75.5 ሚሊሜትር ናቸው። ከእግሩ እስከ ዘንጉ መሃል ያለው ቁመት 106 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም ጋ አንድ ነው፤ ሞተሩ ቦታው ላይ ቁጭ ይላል። ነገር የሚበላሸው የሞተሩን ዙር ወደ ማሽኑ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን ጋ ሲደረስ ነው። ዘንጉ አፍ ላይ ይቆማል፣ አልገባም ይላል። ያኔ አንዱ መዶሻ ያነሳል።

መዶሻውን መልሱት። የዘንጉ ጫፍ ላይ የሚያርፈው ምት የሚደርሰው ውስጥ ዘንጉን ተሸክሞ የሚያዞረው ኩሽኔታ ላይ ነው። ኩሽኔታው ከተጎዳ መጀመሪያ ድምፅ ያመጣል። ቀጥሎ ዘንጉ መወዛወዝ ይጀምርና ፓራሊዮው፣ ማለትም የዘይት ማገጃው ጎማ፣ ዘይት ያንጠባጥባል። ያ ዘይት ደግሞ ፍሪሲዮኑ ውስጥ ይገባል። አዲስ ሞተር በአንድ ከሰዓት አሮጌ ይሆናል።

ፍሪሲዮን መመረጥ ያለበት በሞተሩ ዘንግ ልክ ነው። ሱቅ ገብቶ «የ6.5 ፈረስ ፍሪሲዮን ስጠኝ» ማለት አይበቃም። ያው 6.5 ፈረስ፣ ያው ቀለም፣ ያው 168ኤፍ የሚል ሰሌዳ ያለው ሞተር በሁለት የተለያየ የዘንግ ውፍረት ይመጣል። አንዱ ለአሜሪካ ገበያ በኢንች የተሠራ ነው፤ ሌላው በሚሊሜትር። ከውጭ ስታዩት ልዩነት የለውም።

እዚህ የምናገረው ስለ ኮምፓክተር ነው፤ ገረጋንቲ ሙሌት ላይና ኮብልስቶን ሥራ ላይ ስለምታዩት ባለ ሳህኑ ማሽን። በካቴና የሚሄድ ጋሪ ወይም ትንሽ መኪና ለምትሠሩም ከቺንጊያው (የላስቲክ ቀበቶው) ክፍል በስተቀር ሁሉም ይሠራላችኋል።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው በአጭሩ። ይህ ፍሪሲዮን ፔዳል የለውም። መሃሉ ላይ ዘንጉን የሚይዝ እምብርት አለ። እምብርቱ ላይ ሸራ ያላቸው እግሮች በሞላ ታስረዋል። ሞተሩ ሲፈጥን እግሮቹ ሞላውን አሸንፈው ወደ ውጭ ይወረወሩና ታምቡሩን ከውስጥ ይይዛሉ። ታምቡሩ ላይ የቺንጊያ ቦይ ወይም የካቴና ጥርስ አለ። ሞተሩ ወደ ሚኒሞ፣ ማለትም ያለ ጋዝ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ሲመለስ ሞላው እግሮቹን ይሰበስባል፣ ታምቡሩ ይቆማል። ስለዚህ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው እምብርቱ ብቻ ነው። የልክ ጣጣው ሁሉ እዚያች ቀዳዳ ላይ ነው።

1. የዘንጉን ዓይነት ለዩ

ምንም ከመንካታችሁ በፊት የካንዴላውን ኬብል ንቀሉ። ከዚያ ዘንጉን እዩት።

የምትፈልጉት ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው፣ በጎኑ የኪይ (ዘንጉንና እምብርቱን አብሮ የሚያዞረው የብረት ቁራጭ) ቦይ የተቆረጠበት፣ ጫፉ ላይ ለቡሎን ፊሌት (ጥርስ) ያለው ዘንግ ነው። ሌላ ዓይነት ከሆነ ፍሪሲዮን ፍለጋውን እዚሁ አቁሙ።

እዚህ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ከሌላ ማሽን በተፈታ ሞተር ነው። የጄነሬተር ሞተር ብዙውን ጊዜ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ዘንግ አለው። እሱ ላይ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ያለው ፍሪሲዮን አይቀመጥም። የውኃ ፓምፕ ሞተር ደግሞ ዘንጉ በሙሉ ፊሌት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ያጠረ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው፣ ዙር መቀነሻ ማርሽ ያለው ሞተር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3600 ሲዞር የሚወጣው ዘንግ 1800 ብቻ ይዞራል። ፍሪሲዮን መያዝ የሚጀምረው በ1800 እና በ2200 ዙር መካከል ስለሆነ እዚያ ላይ ብታስሩት ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁም በቅጡ አይዝም። እያንሸራተተ ይቃጠላል።

2. ውፍረቱን ለኩ

አዲስ ሞተር ዘንጉ ላይ የዝገት መከላከያ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ተቀብቶ ይመጣል። በቤንዚን ወይም በቲነር አጽዱት። ያገለገለ ከሆነ ዝገቱን በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አንሱ። የኪይ ቦዩን ጠርዞች በጥፍራችሁ ዳስሱ፤ ትንሽ የተነሳ ብረት ካለ በደቃቅ ሞረድ አስተካክሉ። ፍሪሲዮኑ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ በዚህች ትንሽ ጉብታ ብቻ አልገባም የሚልበት ጊዜ አለ። ሳያጸዱ ወደ ቶርኖ ቤት መሮጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን በካሊፐር ለኩ። ሦስት ቦታ፦ ሥሩ ላይ፣ መሃሉ ላይ፣ ጫፉ ላይ። የካሊፐሩ ጥርሶች የኪይ ቦዩ ላይ እንዳያርፉ አዙራችሁ ያዙ። የምታገኙት ቁጥር ከእነዚህ በአንዱ አጠገብ ይሆናል፦

15.88 ሚሊሜትር፦ ይህ 5/8 ኢንች ነው። ትንንሾቹ፣ ከ100 ሲሲ በታች ያሉት ሞተሮች ላይ ይገኛል።

19.05 ሚሊሜትር፦ 3/4 ኢንች። 168ኤፍና 170ኤፍ ላይ በብዛት አለ።

20 ሚሊሜትር፦ እነዚሁ 168ኤፍና 170ኤፍ ላይ።

25 ሚሊሜትር ወይም 25.4 ሚሊሜትር፦ 188ኤፍና የመሳሰሉት የ13 ፈረስ ሞተሮች ላይ። 25.4ቱ አንድ ኢንች ነው።

ዘንግ በትንሹ ቀንሶ ነው የሚሠራው፤ 19.03 ወይም 19.98 ብታነቡ ጤነኛ ነው። 19.5 ካነበባችሁ ግን ካሊፐሩ ጠምሟል ወይም ዘንጉ ተበልቷል። እንደገና ለኩ።

ካሊፐር ከሌላችሁ የወረቀት ቁራጭ ይበቃል። ኪዩን አውጡና ጠባብ ወረቀት ዘንጉን አንድ ዙር አጥብቃችሁ ጠቅልሉት። ሁለቱ ንብርብር የሚደራረቡበት ላይ በመርፌ ውጉ። ወረቀቱን ዘርግታችሁ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ። 60 ሚሊሜትር ግድም ከሆነ ዘንጉ 19.05 ነው፤ 63 ግድም ከሆነ 20 ነው። ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰችው የውፍረት ልዩነት በዙሪያው ሲለካ ሦስት ሚሊሜትር ትሆናለች፤ ዓይን አይስታትም። ለትልልቆቹም እንዲሁ፦ 78.5 ከሆነ 25፣ 79.8 ከሆነ ደግሞ 25.4 ነው። እዚህ ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ ቢቻል ካሊፐር ተዋሱ።

የትልልቆቹ ሞተሮች ጉዳይ የበለጠ ያሳስበኛል። የ20 ዘንግና የ19.05 ፍሪሲዮን ከሆኑ ቢያንስ አይገቡም፤ ስህተቱ ራሱ ይነግራችኋል። የ25 ሚሊሜትር ዘንግ ግን የአንድ ኢንች ፍሪሲዮን ውስጥ ሸርተት ብሎ ይገባል። «ገጠመ» ተብሎ ይታሰራል። ያች 0.4 ሚሊሜትር ክፍተት በደቂቃ 3600 ጊዜ ትመታለች። መጀመሪያ ኪዩ ይበላል፣ ቀጥሎ የኪይ ቦዩ ይሰፋል፣ በመጨረሻ ክራንክ ሻፍቱ ራሱ የማይጠገን ይሆናል። ስለዚህ መግባቱን ብቻ አይታችሁ አትመኑት። ሳታስሩት በእጃችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከተንቀጫቀጨ የእናንተ ልክ አይደለም። ትክክለኛው በእጅ ግፊት ይገባል፣ ከገባ በኋላ ግን አይወዛወዝም።

3. ኪዩን ለኩ

የ3/4 ኢንቹ ዘንግ በአብዛኛው 3/16 ኢንች ኪይ ነው የሚወስደው፤ 4.76 ሚሊሜትር ማለት ነው። የሚሊሜትሩ ዘንግ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ስለዚህ የቦዩን ስፋት ዘንጉም ላይ ፍሪሲዮኑም ላይ ለኩ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው።

ቦዩ 4.76 ሆኖ ያገኛችሁት ኪይ 5 ከሆነ፣ የሚሞረደው ኪዩ ነው። ዘንጉን በጭራሽ አትንኩ። ኪዩ ጥቂት ብር ነው። ምስማር ወይም የኤሌክትሮድ ቁራጭ በኪይ ቦታ መክተት አይሆንም፤ ተቆርጦ እምብርቱን ከዘንጉ ጋር ያጣብቃል፣ ለማውጣት ደግሞ መከራ ነው። ሌላው የሚረሳው የኪዩ ቁመት ነው። አናቱ የፍሪሲዮኑን ቦይ ጣሪያ ከነካ እምብርቱን ወደ አንድ ጎን ያነሳዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ንዝረት ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ከአናቱ በላይ ትንሽ አየር ይኑር።

4. ርዝመቱና የጫፉ ቡሎን

ዘንጉ ከሞተሩ ፊት እስከ ጫፉ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ለኩ። የፍሪሲዮኑን እምብርት ርዝመትም ለኩ። ዘንጉ ከረዘመ በሮንዴላ ወይም በቦኮላ (ቱቦ መሰል ቀለበት) ይሞላል። ካጠረ ግን ፍሪሲዮኑ በግማሽ ጉያው ብቻ ይያዛል፤ ያንን አትግዙ።

ቡሎኑ ላይ ቆም በሉ። የ19.05 ዘንግ ጫፍ ብዙውን ጊዜ 5/16 ኢንች፣ በኢንች 24 ጥርስ ያለው ደቃቅ ፊሌት ነው። የ20ው ዘንግ በአብዛኛው ኤም8 ነው፣ የጥርሱ ርቀት 1.25። 5/16 ኢንች 7.94 ሚሊሜትር ነው፤ ከ8 ጋር በዓይን አይለይም። የጥርሱ ርቀት ግን 1.06 ነው። ስለዚህ አንዱ ቡሎን ሌላው ቀዳዳ ውስጥ አንድ ሁለት ዙር ይገባል፣ ከዚያ ይከብዳል። «ዝገት ነው» ብሎ በቁልፍ የገፋው ሰው የክራንክ ሻፍቱን ፊሌት ጨረሰው ማለት ነው። መመሪያው ቀላል ነው፦ ቡሎኑ ከአምስት ዙር በላይ በጣት ካልገባ የእሱ አይደለም።

ሱቅ ስትሄዱ ኪዩንና ቡሎኑን በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ካሊፐሩንም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ የፍሪሲዮኑን ቀዳዳ በካሊፐሩ የውስጥ ጥርስ እዚያው ባለሱቁ ፊት ለኩ።

5. የቺንጊያው ቦይና የታምቡሩ ስፋት

ቀዳዳው ከገጠመ በኋላ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል። የቺንጊያው ዓይነት ይታያል፤ ኤ የሚባለው አናቱ 13 ሚሊሜትር፣ ቢ የሚባለው 17 ሚሊሜትር ነው። ኤ ቺንጊያ የቢ ቦይ ውስጥ ከገባ ሥሩ ላይ ይቀመጥና ያንሸራትታል።

ከዚህ የባሰው የፑሌጁ፣ ማለትም ቺንጊያው የሚሄድበት የታምቡሩ ክፍል፣ ዲያሜትር ነው። የድሮው ፍሪሲዮን ፑሌጅ 80 ሚሊሜትር ነበር እንበል። ሱቅ ያገኛችሁት ግን 100 ነው፤ ቀዳዳውም፣ ኪዩም፣ ቺንጊያውም ልክ ነው። ልታስሩት ነው። የታችኛው ንዝረት ሰጪ ዘንግ አሁን በ25 በመቶ ፈጥኖ ይዞራል። የሚዞረው ክብደት የሚፈጥረው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ነው የሚያድገው፤ 1.25 በ1.25 ሲባዛ 1.56 ነው። ማለትም ኩሽኔታዎቹ ላይ የሚያርፈው ጫና በ56 በመቶ ይጨምራል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሽኑ «ጎበዝ ሆነ» ይባላል። ከዚያ የታችኛው ኩሽኔታ ይሄዳል። በተቃራኒው ፑሌጁ ካነሰ ማሽኑ አፈር ላይ ይንጫጫል እንጂ አይጠቀጥቅም። ስለዚህ የድሮውን ፑሌጅ ከመጣላችሁ በፊት ለኩና ጻፉት፤ አዲሱ በተቻለ መጠን ያንኑ ይሁን።

6. አቅምና የሚይዝበት ዙር

ጂኤክስ160 የሚያወጣው ትልቁ ጠምዛዥ ኃይል 10.3 ኒውተን ሜትር ነው። ጂኤክስ200 ወደ 12.4 ይደርሳል። ጂኤክስ390 ደግሞ 26.5 ነው። ለትንሹ የተሠራ ፍሪሲዮን ቀዳዳው ሰፍቶ ትልቁ ላይ ቢታሰር ሸራው አይችለውም። ውፍረት ዋናው መመዘኛ ነው፤ አቅም ሁለተኛው።

የሚይዝበት ዙር ከሚኒሞው በደንብ ከፍ ማለት አለበት። የሆንዳው ሚኒሞ 1400 ዙር አካባቢ ነው። ፍሪሲዮኑ በ1800 ከያዘ ጤናማ ክፍተት አለ። የቻይናው ሞተር ሚኒሞው 1900 ላይ ተስተካክሎ ከመጣ ግን ፍሪሲዮኑ በፍጹም አይለቅም። ይህን ያየ ሰው ፍሪሲዮኑን ሊመልስ ይሮጣል። መጀመሪያ የካርቡሬተሩን የሚኒሞ ቪቴ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ልኩ ካልተገኘስ?

የ19.05 ፍሪሲዮን ይዛችሁ ዘንጋችሁ 20 ከሆነ፣ ቶርኖ ቤት ቀዳዳውን ማስፋት ይቻላል። ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ከኪይ ቦዩ ጣሪያ በላይ የሚቀረው ብረት ይበቃል ወይ? ቀዳዳው ሲሰፋ ቦዩ ጥልቀት ያጣል፤ እንደገና መቆረጥ አለበት። ሁለተኛ፣ ባለሙያው የነበረውን ቀዳዳ መሃል በኮምፓራቶር (መሃል መሳቱን በሚያሳየው መለኪያ) ያወጣል ወይ? በዓይን ግምት ተይዞ የተሰፋ ፍሪሲዮን ሞተሩን ሲያራግፍ ይውላል። በእጅ የተያዘ ትራፓኖ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ተቃራኒው፣ ማለትም የ20 ፍሪሲዮን በ19.05 ዘንግ ላይ፣ ከባድ ነው። በመካከል የሚገባው ቦኮላ ግድግዳው ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የቆርቆሮ ቁራጭ የሚጠቀልሉ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ቆርቆሮው ይደቅቃል፣ ፍሪሲዮኑ መሃሉን ይስታል። ከ5/8 ወደ 3/4 ሲሆን ግን ግድግዳው 1.6 ሚሊሜትር ስለሚሆን በደንብ የተሠራ ቦኮላ ከተደረበ ኪይ ጋር ይሠራል። ከዚህ ውጭ ላለው ትክክለኛውን ፍሪሲዮን መፈለግ ይረክሳል።

አገጣጠም

ዘንጉን በጣም ስስ በሆነ ግሪስ ቀቡ፤ ነገ ለማውጣት ይጠቅማል። ከታምቡሩ ሥር ያለችው የነሐስ ቦኮላ አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ትፈልጋለች። ሸራው ላይ ግን ምንም ቅባት እንዳይደርስ።

ፑሌጁ ወደ ሞተሩ የቀረበ ቢሆን ለክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታ ይሻላል፤ ቺንጊያው ጫፉን ይዞ እንዳይጎትተው። ፍሪሲዮኑ ላይ የአዟዟር ቀስት ካለ እዩት። የሆንዳና የ168ኤፍ ዘንግ ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዞራል።

የጫፉ ሮንዴላ የሚጫነው እምብርቱን ብቻ ነው። ሰፊ ሆኖ ታምቡሩን ከነካ ፍሪሲዮኑ አይለቅም። ቡሎኑን ሰማያዊ ሎክታይት ቀብታችሁ ከ20 እስከ 24 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ከዚያ ታምቡሩን በጣታችሁ አዙሩት፤ ሞተሩ ቆሞ ታምቡሩ ብቻ በነፃ መዞር አለበት።

ቺንጊያውን አግቡና ሁለቱ ፑሌጆች በአንድ መስመር መሆናቸውን በቀጥ ያለ ብረት አረጋግጡ። መሃሉን በአውራ ጣት ስትጫኑት ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ይርገብ። ሽፋኑን መልሳችሁ እሰሩ። ያለ ሽፋን የሚዞር ቺንጊያ ጣት ይወስዳል፤ ለሙከራም ቢሆን አታስነሱት።

ሙከራ

ዘይቱን አይታችሁ፣ የካንዴላውን ኬብል መልሳችሁ አስነሱ። ሚኒሞ ላይ ማሽኑ ዝም ብሎ መቆም አለበት። ከተንቀሳቀሰ ሚኒሞውን ዝቅ አድርጉ። ቀጥሎ ጋዙን በአንዴ ወደ ሙሉ ውሰዱት። ሳህኑ ወዲያው ተነስቶ መምታት አለበት።

ለኦፕሬተሩ አጥብቃችሁ ንገሩት፦ ወይ ሚኒሞ ወይ ሙሉ ጋዝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ መሃል ላይ ከያዘው ሸራው ታምቡሩን በቅጡ ሳይጨብጥ እያሸ ይውላል። በትክክል የተመረጠ ፍሪሲዮን የሚቃጠለው በአብዛኛው በዚህ ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ወይም ታምቡሩ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ አጥፉትና እስኪበርድ ጠብቁ፤ ከዚያ ዘይት ገብቶ እንደሆነ እዩ።

ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ሞተሩን አጥፉ፣ የካንዴላውን ኬብል ንቀሉ፣ የጫፉን ቡሎንና የሞተሩን አራት እግር ቡሎኖች እንደገና አጥብቁ። አዲስ ቺንጊያ በዚያች ሰዓት ይለጠጣል፤ ሞተሩን ትንሽ ወደ ኋላ ስባችሁ ቺንጊያውን ወደ ልኩ መልሱት።